በታክሲዎቹ ስልክ ላይ ሦስት ክረምት

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። እናቴ ይህን ስላት ትስቃለች። «ጡረታ ለመውጣት መጀመሪያ ወገብሽን ይመምሽ» ትለኛለች። እኔ ግን የምሬን ነው። የሠራሁበት ሥራ ከእንግዲህ የለም። ስልኩ ተቋርጧል፣ ሰሌዳው ተነቅሏል፣ ወንበሩን አንዱ ሾፌር ለሚስቱ ሱቅ ወስዶታል። ሥራው ካለቀ ሠራተኛው ጡረተኛ ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?

ወሎ ሰፈር ከነዳጅ ማደያው ጀርባ አንዲት ሰማያዊ ኮንቴይነር ነበረች። በሯ ላይ በነጭ ቀለም «ስምሪት» ተብሎ ተጽፎባታል። አሥራ ዘጠኝ መኪና ያለው የአንድ ትንሽ የታክሲ ማኅበር ቢሮ ናት። ሰው ይደውላል፣ የት እንዳለ እንጠይቃለን፣ ቅርብ ያለውን ባዶ መኪና እንልክለታለን። ሥራው ይኼው ነው። ዛሬ ይህን ሥራ የእጅ ስልክ ላይ ያለ አፕ ራሱ ይሠራዋል፤ ያኔም ይሠራው ነበር። እኛ ጋ የሚደውሉት በአፕ መጥራት የማይችሉ፣ ወይም እየቻሉ ከሰው ጋር ካላወሩ መኪናው የሚመጣ የማይመስላቸው ናቸው። ሽማግሌዎች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሐኪም ቤት የሚመላለሱ፣ ዕቃ የበዛባቸው ነጋዴዎች።

እናቴ ከኮንቴይነሯ አጠገብ ባለች ትንሽ ምግብ ቤት ለሾፌሮች ምሳ ትሠራለች። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ፣ ትምህርት በተዘጋበት ክረምት፣ ሳህን ሳመላልስ ነው ስልኩን የተዋወቅሁት። የስምሪቷ ሠራተኛ እትዬ የሺ ለምሳ ሲወጡ «ማሂ፣ ጆሮሽን እዚያ ላይ አድርጊልኝ» ብለውኝ ሄዱ። ወዲያው ጠራ። አፌ ውስጥ ሽሮ ነበረ።

«ታክሲ ፈልጌ ነበር» አለ አንድ ሰውዬ።

«የት ነዎት?»

«ቤቴ።»

«ቤትዎ የት ነው?»

«እትዬ የሺ ያውቁታል» ብሎ ዘጋው።

እትዬ የሺ ሲመለሱ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ድምፁ ይጎረናል? ከኋላው ዶሮ ይጮኻል?» አሉኝ። አዎ፣ ዶሮ ነበረ። «ጎሮ ነው፤ አቶ ደምሴ ናቸው» ብለው መኪና ላኩ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሥራውን የወደድኩት ያን ዕለት ነው።

እትዬ የሺ አምሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሴት ናቸው። ወጣት ሳሉ የአንድ ሆቴል ስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ሥራ ሲቀዘቅዝ የቸርቻቸውን መዝሙር በአፍንጫቸው ያዜማሉ፤ ስልክ ሲጠራ መሐሉ ላይ ያቆሙትና ሲዘጉ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። በሁለተኛው ጥሪ ነው የሚያነሱት። በመጀመሪያው ካነሱ ደዋዩ ይደነግጣል፣ በሦስተኛው ካነሱ ይናደዳል ይላሉ። አፋቸው ውስጥ ምግብ ካለ መጀመሪያ ይውጣሉ። ከደዋዩ በፊት ስልክ ዘግተው አያውቁም። «ሰው የሚረሳውን ነገር ሊዘጋ ሲል ነው የሚያስታውሰው» ይሉኝ ነበር። እውነት ነው። «እሺ ቻው» ካለ በኋላ ነው «ውይ፣ ደግሞ ዊልቸር አለን» የሚለው።

ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ግን ቦታ መፈለግን ነው። እኛ ሰፈር የቤት ቁጥር በሩ ላይ አለ፤ የሚያውቀው የለም። «ቤትዎ የት ነው አትበይ» አሉኝ። «ቆመው የሚያዩትን ጠይቂ። ዳገቱ በየት በኩል ነው በይ። የሚኒባሱ ረዳት ምን እያለ ነው የሚጣራው በይ።» እኔም ጠየቅሁ። አንዲት የገርጂ ሴትዮ ጋ ግን ተሸነፍኩ።

«ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነኝ» አሉኝ።

«ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ምን ምልክት አለው?»

«ፈርሷል እኮ።»

«ታዲያ ሾፌሩ በምን ያውቀዋል?»

«ኤዲያ! ወፍጮ ቤቱን የማያውቅ ሾፌር ነው የምትልኪልኝ?»

ለዚህ ለዚህ እትዬ የሺ አንድ ወፍራም ደብተር አላቸው። በግራ ገጽ ሰው የሚጠራው ስም፣ በቀኝ ገጽ አሁን እዚያ ቦታ ላይ ያለው ነገር። ወፍጮ ቤቱ አሁን የሞባይል ጥገና ሆኗል። ዳቦ ቤቱ ባንክ ሆኗል። ዛፉ ተቆርጧል፤ ሰው ግን አሁንም «ዛፉ ጋ» ይላል።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰሌዳው አለ። ኮምፔንሳቶ ላይ በጥቁር ቀለም መንገዶቹ ተስለዋል። ወሎ ሰፈር፣ ቦሌ ሚካኤል፣ ኢምፔሪያል፣ ገርጂ፣ መገናኛ፣ እስከ ጎሮና አያት። በየቦታው ሚስማር ተመትቷል። እያንዳንዱ መኪና አንድ የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ ቆርኪው ተበስቶ፣ ላዩ ላይ የጎን ቁጥሩ ተጽፎበት፣ መኪናው ያለበት ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ሰው ከያዘ ቁጥሩ ወደ እኛ ይዞራል፣ ባዶ ከሆነ ጥርሱ። አንድ ሕግ ነበረ፦ ሾፌሩ በራሱ አፍ «ሄጃለሁ» ካላለ ቆርኪ አይነካም። ቆርኪው ከተነሳ በኋላ መዝገቡ ላይ ሰዓቱ፣ የተሳፋሪው ስምና የሾፌሩ ስም ይጻፋል። ስለ ወረቀቱ ይህን ካልኩ ይበቃል። ስለ ደሞዜም ካነሳሁ አይቀር፣ የደብተርና የጫማዬን ችዬ ከእናቴ ጫንቃ ላይ ወርጃለሁ።

አሁን ወደ አምስት ደቂቃ ልምጣ።

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ነው የሚቀረው። ሾፌሩ ገና ፊቱን እየታጠበ «አምስት ደቂቃ» ይላል። ሲኤምሲ ሆኖ «ቦሌ ገባሁ» ይላል። እንደ ውሸት የሚቆጥረው የለም፤ «አይዞህ፣ አልረሳሁህም» እንደ ማለት ነው። ደዋዩም ያውቃል፣ ሻዩን ሳይጨርስ አይወጣም። ከሾፌሮቻችን አንዱ ሠርጉ ላይ ለሙሽራዋ ቤተሰብ አምስት ደቂቃ ብሎ ሁለት ሰዓት እንዳስጠበቃቸው ራሱ እየሳቀ ያወራል።

እትዬ የሺ ብቻ አይሉም። «ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ሌላ ካገኙ ይሂዱ፤ ካላገኙ እኔ አለሁ» ነው የሚሉት። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ግርማ ይህን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ይይዛሉ።

«የሺ፣ ደንበኛውን በገዛ እጅሽ አፕ ላይ ትጥይዋለሽ እኮ!»

«ሰዓት ነው የነገርኩት፣ ግርማ።»

«ማን ሰዓት ጠየቀሽ? ሰውዬው ታክሲ ነው የጠየቀው!»

እኔ በልቤ ከአቶ ግርማ ጋር ነበርኩ። በሁለተኛው ክረምት ራሴን ችዬ ጠዋት ጠዋት ስልኩ ላይ ስቀመጥ፣ ድምፄን ቀጠን አድርጌ «አምስት ደቂቃ ብቻ ይታገሱኝ» እላለሁ። ማንም አይሰርዝብኝም። አቶ ግርማ በሾፌሮቹ ፊት «ከልጅቷ ተማሩ» ብለውልኛል። እትዬ የሺ ሰምተው ዝም አሉ። ዝምታቸውን ቅናት መስሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን መስሎኝ ነበር።

ከደንበኞቻችን ሁሉ የምወደው ጋሽ ወንድሙን ነው። ቦሌ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የሚኖሩ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበሩ ሰው ናቸው። ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መገናኛ አካባቢ ኩላሊት እጥበት ይገባሉ። ማሽኑ በተራ ነው፤ ተራው ካለፈ ማሽኑን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ሁለት ሰዓት ሲሆን ይደውላሉ። «ማሂዬ፣ ዛሬም አልሞትኩም፤ መኪና ላኪ» ይሉኛል። የሚወስዷቸው ሁልጊዜ ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ረጋ ያሉ የወሎ ሰው፣ መኪናቸው ውስጥ አቧራ የማይገኝ። ጋሽ ወንድሙ ሌላ መኪና ላይ ያቅለሸልሻቸዋል።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ረቡዕ፣ እትዬ የሺ ለሁለት ቀን ለቅሶ ቢሾፍቱ ሄደዋል። ብቻዬን ነኝ። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ይወርዳል፤ የኮንቴይነሯ ጣሪያ ከበሮ ሆኗል። ኢምፔሪያል ላይ ውኃ ሞልቶ ቀለበት መንገዱ ቆሟል። ሰሌዳዬ ላይ አንድም ጥርስ አይታይም፤ ሁሉም መኪና ሰው ይዟል። ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ጋሽ ወንድሙ ደወሉ።

«ማሂዬ፣ ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?»

«ችግር የለም ጋሼ። አምስት ደቂቃ፤ ጋሽ ሰይድ እየመጡ ነው።»

«እንዲያው የጎረቤቴ ልጅ መኪናውን እያስነሳ ነው፤ ወደ መገናኛ ነው የሚሄደው። ላድርስዎት ይለኛል። ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?»

ስለዚህች ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ለጋሽ ሰይድ ገና አልደወልኩላቸውም። ባዶ መኪና የለኝም። ግን አንዱ አሁን ባዶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ደግሞ የእኔን ደንበኛ የጎረቤት ልጅ እንዲወስድብኝ አልፈለግሁም።

«ይጠብቁ ጋሼ። አምስት ደቂቃ ነው።»

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አሉና ልጁን ሲያሰናብቱት በስልኩ ውስጥ ሰማሁ። «ሂድ ሂድ፣ የእኔ መኪና ደርሷል።»

ዘጋሁና የጋሽ ሰይድን ቆርኪ ቦሌ ሚካኤል ሰቀልኩ። መዝገቡ ላይ «2:05፣ ወንድሙ፣ ሰይድ» ብዬ ጻፍኩ። ሰሌዳው እውነቱን ሳይሆን የእኔን ምኞት እንዲናገር አደረግሁት። ከዚያ ሌላ ስልክ ጠራ፣ ሌላም። ጋሽ ሰይድን ያገኘኋቸው ሁለት ከሃያ ላይ ነው።

«ኢምፔሪያል ነኝ የኔ ልጅ፣ ሰውም ይዣለሁ፣ ውኃው ጎማዬን ውጦታል። ሌላ ሰው ላኪ።»

«ሌላ የለኝም።»

«እንግዲያው ሰውዬውን ቶሎ ንገሪያቸው፣ በሌላ ይሂዱ።»

አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? የጎረቤቱ ልጅ ሄዷል። ሁለት ጊዜ ደወሉልኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ «ደረሱ፣ ደረሱ» አልኳቸው። ጋሽ ሰይድ ተሳፋሪያቸውን አድርሰው፣ በውስጥ ለውስጥ ተሹለክልከው፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ጉዳይ ላይ ደረሱላቸው። ጋሽ ወንድሙ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ከሱቅ ጥላ ሥር ቆመው ነበር። መገናኛ ሲደርሱ ማሽኑ ተይዟል። «ነገ ከሰዓት ክፍት ቦታ አለ» ብለው መለሷቸው።

ነገ ከሰዓት ሳይደርስ፣ ሐሙስ ጠዋት መተንፈስ አቅቷቸው በሰው ሸክም ድንገተኛ ክፍል ገቡ። በእጥበቱ ሳይወጣ የቀረው ውኃ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ሴት ልጃቸው ደወለች። አትጮኽም ነበር፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«አባቴ ኦክስጅን ላይ ነው። አምስት ደቂቃ ብላችሁ ዝናብ ውስጥ አቆማችሁት። ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም» አልኩ።

አቶ ግርማ በሩ ላይ ነበሩ። ፊቴን አይተው ስልኩን ተቀበሉኝ። ቆመው አዳመጡ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ዘጉና መዝገቡን ከፈቱ። ከዚያ ጋሽ ሰይድን አስጠሩ። ጋሽ ሰይድ ጫማቸውን ደጅ ላይ ጠርገው ገቡ።

«ሰይድ፣ ሁለት ከአምስት ላይ ተልከህ ሃምሳ ደቂቃ የት ነበርክ?»

«ማን ነው ሁለት ከአምስት ያለህ? ሁለት ከሃያ ነው የተደወለልኝ።»

«መዝገቡ ሁለት ከአምስት ይላል።»

ጋሽ ሰይድ ወደ መዝገቡ አላዩም። እኔን አዩኝ። እኔ እስክሪብቶውን አየሁ።

«መዝገቡ ካለ» አሉ በመጨረሻ፣ «እንግዲህ መዝገቡ ያውቃል።»

«ሰውዬው ቢሞት ምን ልንል ነው? አንድ ወር ከተራ ወጥተሃል።»

ከተራ መውጣት ማለት ከስምሪት ምንም ጥሪ አለማግኘት ነው። አቶ ግርማ ቆርኪያቸውን ከቦሌ ሚካኤል አንስተው ከሰሌዳው ውጪ ያለችው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ጋሽ ሰይድ «አብሽር» ብለው ወጡ። ለማን እንዳሉት አላውቅም።

ያን ዕለት ምሳዬን አልበላሁም። እናቴ «አሞሻል?» አለችኝ። «ዝናቡ ነው» አልኳት። ሁለት ነገር ነበር የሚያስጨንቀኝ፦ ጋሽ ወንድሙ ይድኑ ይሆን የሚለውና ቢድኑም ባይድኑም ጥፋቱ የጋሽ ሰይድ ሆኖ እንደሚቀር። የሁለተኛው መልስ እኔ እጅ ላይ ነበር። ግን ከተናገርኩ ስልኩን እንደሚነጥቁኝ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ያን ስልክ እወደው ነበር።

ዓርብ ጠዋት እትዬ የሺ ጥቁር ሻሻቸውን እንዳሰሩ ገቡ። ቁጭ ከማለታቸው በፊት ሰሌዳውን አዩ።

«የሰይድን ቆርኪ ማን ነው ውጪ የሰቀለው?»

ነገርኳቸው፤ ማለቴ አቶ ግርማ ያሉትን ነገርኳቸው። መዝገቡን ሳቡና በእርሳሳቸው ጫፍ መስመር በመስመር ወረዱ።

«ሁለት ሰዓት ላይ ሰይድ ከገርጂ ሰው ይዟል፤ ራስሽ ጽፈሻል። በዚያ ዝናብ በአምስት ደቂቃ ሰው አውርዶ ባዶ ሆነ?»

የራሴን ጽሑፍ አየሁ።

«ማሂ፣ ቆርኪውን ያነሳሽው ሳትደውይለት ነው ወይስ ደውለሽለት?»

ያኔ ነው ሁሉም የወጣው፤ የጎረቤቱን ልጅም፣ «አይደለሁም» ያልኩትንም። እትዬ የሺ እስክጨርስ እርሳስ ቀረጹ። ሊያቅፉኝ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አላቀፉኝም።

«ለእኔ ነግረሽኝ አይቆጠርም» አሉ። «እኔን አልበደልሽኝም።»

ቅዳሜ ጠዋት የማኅበሩ ስብሰባ ነው። ሾፌሮቹ ደጅ በተወጠረው ሸራ ሥር ይቆማሉ፤ ስለ ነዳጅ ሰልፍ፣ ስለ ቦሎ ይጨቃጨቃሉ። ጋሽ ሰይድ ከጠርዝ ቆመው ቁልፋቸውን በጣታቸው ያዞራሉ። እጄን እንደ ክፍል ተማሪ አወጣሁ። አቶ ግርማ «ሻይ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም። ረቡዕ ለጋሽ ሰይድ ሁለት ከአምስት ላይ አልደወልኩላቸውም። መኪና ሳይኖረኝ አምስት ደቂቃ ያልኩት እኔ ነኝ። መዝገቡን ቀድሜ ነው የጻፍኩት። ጋሽ ወንድሙ ሌላ መኪና አግኝተው ነበር፣ ይጠብቁ አልኳቸው።»

አንዱ ሾፌር ሳቀ። «ኧረ ተያት፣ እኛስ በቀን ስንቴ ነው የምንለው!» አለ። ሌሎቹም ሊስቁ ፈልገው ነበር። እትዬ የሺ ከበሩ ላይ «እሱ እኮ ነው፤ ስንቴ ነው የምትሉት?» አሉ። ሠርጉ ላይ ያስጠበቀው ሾፌር እንኳ ጫማውን ነበር የሚያየው።

አቶ ግርማ እዚያው የጋሽ ሰይድን ቅጣት አነሱ። እኔን ክረምቱ እስኪያልቅ ከስልኩ አገዱኝ። ሁለቱም ትክክል ነበር። ስብሰባው ሲበተን ጋሽ ሰይድን ተከትዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ደግሞ ያልገባኝን ጠየቅኋቸው።

«ለምን ዝም አሉ? ውሸቷን ነው ቢሉ እኮ ይችሉ ነበር።»

«እኔ የጻፍኩት አይደለም» አሉ የመኪናቸውን መስታወት እየወለወሉ። «የጻፈው ሰው ያንብበው ብዬ ነው። ሁለት ቀን ፈጀብሽ፤ እኔ ወር ገምቼ ነበር።»

እሑድ ከእትዬ የሺ ጋር ሐኪም ቤት ሄድን። ጋሽ ወንድሙ ከኦክስጅን ወርደዋል፤ ሐኪሙ አደጋው አልፏል ብሏል። ፊታቸው አብጦ ትንሽ ልጅ መስለዋል። ያዘጋጀሁትን ንግግር በሙሉ ተናገርኩ። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ቀስ ብለው ይህን አሉ፦

«እኔ እኮ ጠይቄሽ ነበር። ልሂድ ወይስ ልጠብቅ ብዬ ጠይቄሽ ነበር።»

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ልጃቸው እስከ ኮሪደሩ ሸኘችን። «ከእንግዲህ ለእኛ ቤት ይቺ ልጅ ስልክ እንዳታነሳ» አለቻቸው እትዬ የሺን። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። እትዬ የሺ «እሺ» አሉ፤ አልተከራከሩልኝም።

የቀረውን ክረምት በእግሬ ነው የሠራሁት። እትዬ የሺ ወፍራሙን ደብተር ሰጥተውኝ «የፈረሰውንና የተሠራውን ለይተሽ ነይ» አሉኝ። ያን ዓመት መንገድ እየሰፋ ብዙ ነገር ፈርሶ ነበር። ከቦሌ ሚካኤል እስከ ገርጂ ሱቅ በሱቅ ዞርኩ። ጭቃው ጫማዬን በላው። አንድ ጋራዥ ውስጥ የነበሩ ሰዎች የመንግሥት ቆጣሪ መስዬያቸው በር ዘጉብኝ፤ አንዲት የጉልት ነጋዴ ደግሞ «እኔን ምልክት አድርጊኝ፤ እኔ አልፈርስም» ብላኝ አድርጌያታለሁ። ያ ደብተር ውስጥ አርባ ሁለት ገጽ በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ቦታ ማወቅ ማለት ከየት እስከ የት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በእግር ማወቅ መሆኑም የገባኝ ያኔ ነው።

ሦስተኛው ክረምት ላይ ስልኩ ተመለሰልኝ። ማኅበሩ ግን እየሳሳ ነበር። ከአሥራ ዘጠኙ ሾፌሮች አሥራ አንዱ አፕ ውስጥ ገብተዋል፤ አቶ ግርማ ራሳቸው ስልካቸውን በመኪናቸው መስታወት ላይ ለጥፈው ይሠሩ ነበር። እኔ አምስት ደቂቃ ማለት አቁሜያለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል፤ «ሠላሳ ደቂቃ ከሆነ ለምን ስልክ ታነሺያለሽ?» ይለኛል። አንዳንዱ ያመሰግነኛል። አብዛኛው ዝም ብሎ ይዘጋል። የጋሽ ወንድሙ ቁጥር ሲመጣ ስልኩን ሳልነካ ወደ እትዬ የሺ እገፋዋለሁ። እሳቸውም ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። ከዚያች ረቡዕ ወዲህ አንድ ዓመት ሊሞላ ነው።

ሰሌዳው ሊነቀል ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ እትዬ የሺ ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደዋል። ሁለት ሰዓት ላይ የጋሽ ወንድሙ ቁጥር ጠራ። የምገፋለት ሰው የለም። በሁለተኛው አነሳሁ።

«ስምሪት።»

ድምፄን አወቁት። ትንፋሻቸውን ሰማሁ። ሊዘጉ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«የሺ የለችም?»

«የለችም፣ ጋሼ።»

«መኪና አለ?»

ሰሌዳውን አየሁ። ሁለት ጥርስ ነበር፤ ሁለቱም ሩቅ። ጋሽ ወንድሙን መስመሩ ላይ እንዲቆዩልኝ ብዬ በእጅ ስልኬ ለጋሽ ሰይድ ደወልኩ። አያት ነበሩ። መንገዱን ጠየቅኋቸው፣ ነገሩኝ፣ «ሄጃለሁ» አሉ። ቆርኪውን አነሳሁ። ከዚያ ወደ ጋሽ ወንድሙ ተመለስኩ።

«ጋሽ ሰይድ ከአያት ተነሥተዋል። አርባ ደቂቃ ነው። እርስዎ ጋ ሁለት ከአርባ አምስት ይደርሳሉ፤ መገናኛ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ያልፋል። ከእርሳቸው የሚቀርብ መኪና የለኝም።»

ከዚያ የእትዬ የሺን ቃል ጨመርኩ።

«ሌላ ካገኙ ይሂዱ ጋሼ። አይቀየሙኝም።»

ዘጉት።

የዚያን ጠዋት ስንት ስልክ እንዳነሳሁ አላስታውስም። ሰዓቱን ብቻ ነው የማስታውሰው። ሁለት ከሃያ ሆነ። ሁለት ተኩል ሆነ። ለጋሽ ሰይድ ልደውል እጄ ይሄዳል፣ እየነዱ ነው ብዬ እመልሰዋለሁ። ሦስት ሰዓት አለፈ። ምናልባት ሌላ መኪና አላገኙም። ምናልባት በንዴት በእግራቸው ዝናብ ውስጥ ወጥተዋል።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ያ ቁጥር እንደገና ጠራ። ከኋላው የመኪና ጥሩምባና የጋሽ ሰይድ ሳል ይሰማል።

«አርባ ደቂቃ ብለሽኝ ስለነበር» አሉ ጋሽ ወንድሙ፣ ሰላም ሳይሉኝ፣ «እጥበት ክፍሉ ደውዬ ከአምስት ሰዓቱ ሰውዬ ጋር ተራ ተቀያየርኩ። ቅርብ ነው ቤቱ፤ ደስ ብሎት መጣ። ቁርሴንም በላሁ። ቁርስ በልቼ ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ!»

«እሺ ጋሼ» ብቻ አልኩ።

«ግን እንዳይመስልሽ። ሰዓቴን ይዤ ነው የጠበቅሁት። አርባ ብለሽ በአርባ ሦስት ነው የመጣው።»

«ሦስት ደቂቃዋ የእኔ ናት!» ሲሉ ጋሽ ሰይድ ከመሪው በኩል ይሰማሉ። «አንዲት ላም መንገድ ዘግታብኝ ነው!»

«ላሟን እንኳ ተያት» አሉ ጋሽ ወንድሙ። «ማሂዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጨርሳለሁ። የመመለሻውን አንቺው ላኪልኝ፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነም ንገሪኝ።»

እስኪዘጉ ጠበቅሁ። ከዚያ መዝገቡን ስቤ «ወንድሙ፣ ሰይድ፣ 43 ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩ።